ኤሲው ቤት ውስጥ ውሃ ሲያፈስ፦ ከአዳማ ቤቶች ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

እዚህ የተጻፈው ግማሹ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ግማሹ ውጭ ለሚሰቀለው ስፕሊት ኤሲ ነው። የመስኮቱ፣ የኮርኒሱና እየተገፋ ከክፍል ክፍል የሚዞረው ኤሲ ወደ ታች ለብቻቸው ተነስተዋል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልን፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ኤሲ ሁሉ ጋዝ ያለቀበት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ በቦታው እያለ ውሃው መውጫ አጥቶ ነው የሚያፈሰው። ገንዘብ የሚባክነው ይህን ሳይለዩ ጋዝ በማስሞላት ነው።

አሁን እያፈሰሰ ነው። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ውሃው ሶኬት፣ ማከፋፈያ ወይም ቴሌቪዥን ላይ እየወረደ ከሆነ ምንም ሳይሉ የኤሲውን ብሬከር ያውርዱ። በእርጥብ እጅ ኤሲውን አይንኩ። በሪሞት ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ፋኑ ይቆማል እንጂ ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ እንዳለ ይቆያል።

እንዲህ ያለ አደጋ ከሌለ ግን ከማጥፋትዎ በፊት አንድ ደቂቃ ወስደው ሁለት ነገር ይዩ። ውጭ ወጥተው የውሃ መውጫው ጎማ ጫፍ ላይ ውሃ እየወረደ ነው? ከኤሲው የሚወጣው አየርስ እንደ ወትሮው ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል ወይስ ደከም ብሏል? የነዚህ የሁለቱ መልስ ችግሩን ከግማሽ በላይ ይለየዋል፤ ካጠፉት በኋላ ግን ሊያገኙት አይችሉም። ከዚያ አጥፍተው፣ ብሬከሩን አውርደው፣ ባልዲ አስቀምጠው የፊት ክዳኑን ወደ ላይ ይክፈቱና በስልክዎ መብራት ውስጡን ይመልከቱ። ነጭ በረዶ ካዩ አንድ መንገድ ነው፣ ካላዩ ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱም ወደ ታች አሉ።

ኤሲ ውሃ አይሞላበትም። ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

ከክፍሉ አየር ነው። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላብ እንደሚያወጣው፣ በኤሲው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ኮይልም (ጋዙ የሚዞርበት የመዳብ ቱቦና ቅጠሎቹ) አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ወደ ውሃ ይለውጠዋል። ውሃው በስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹ ላይ ተንሸራቶ ከሥር ወዳለው ገንዳ ይወርዳል፣ ከገንዳው ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጎማ ወደ ውጭ ይሄዳል። ባለሙያዎች ይህን ጎማ ድሬን ይሉታል። የሚገፋው ፓምፕ የለም፤ ውሃው የሚሄደው ቁልቁለቱን ተከትሎ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገዱ ላይ የሚገጥመው ትንሽ እንቅፋት ሁሉ ይመልሰዋል።

መጠኑ እንደ አየሩ እርጥበት ነው። 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ያለው ኤሲ አየሩ እርጥብ በሆነበት ቀን በሰዓት 1 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያወጣ ይችላል። ደረቅ በሆነው የበጋ ቀን ግን ጎማው ጫፍ ላይ ጠብታ እንኳ ላይታይ ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

በጋውን ሙሉ ምንም ሳይል ሠርቶ ክረምት ሲገባ ለምን ማፍሰስ ጀመረ?

አዳማ ላይ ይህ ጥያቄ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይበዛል፣ ምክንያቱም የከተማው አየር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ በከተማዋ ዳር ኮረብታ ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ ናት፤ ነፋሱ በጋውን ሙሉ አቧራ ይዞ ይገባል። ያ አቧራ በፊልተሩ አልፎ ኮይሉ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ የወረደችው ውሃ ደግሞ እያጠበች ወደ ገንዳው ትወስደዋለች። ውሃው ትንሽ ስለሆነ ጠርጎ አያስወጣውም፤ ገንዳው ጥግ ላይና በጎማው አፍ ላይ ይጋገራል። ከጊዜ በኋላ እርጥበት ባለበት የሚራባው አተላ ይጨመርበትና እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ቡናማ ነገር ይሆናል።

በጋ ላይ የሚወርደው ጥቂት ውሃ በዚያ ጭቃ መሐል ሾልኮ ይወጣል ወይም ገንዳው ውስጥ ይተናል። ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ግን ውሃው በብዙ እጥፍ ይጨምርና የጠበበው አፍ አይችለውም። ችግሩ የተፈጠረው ጥር ወይም የካቲት ላይ ነው፤ የታየው ሰኔ ላይ ነው። ስለዚህ የዓመቱን ጽዳት ሁለት ጊዜ ማሠራት ካልቻሉና አንዴ ብቻ ከሆነ ግንቦት መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ብዙ ሰው ሙቀቱ ሳይጀምር ብሎ የካቲት ላይ ያሠራል፤ ለማቀዝቀዙ ጥሩ ነው፣ ለውሃው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጋቢትና የሚያዝያ አቧራ ተመልሶ ይዘጋዋል።

የኔ ኤሲ የሚያፈስበት ምክንያት የትኛው እንደሆነ እንዴት ልለይ?

መቼና የት እንደሚፈስ ይጠይቁ። ኤሲው እየሠራ እያለ፣ አየሩ እንደ ወትሮው ቀዝቅዞ፣ ከታች በኩል የሚያፈስ ከሆነና ውጭ ያለው ጎማ ደረቅ ከሆነ፣ ጎማው ወይም ገንዳው ተዘግቷል። ይህ ከሁሉ የሚበዛው ነው።

ኤሲው ከጠፋ ወይም መብራት ከሄደ በኋላ በአንዴ ብዙ ውሃ የሚያወርድ ከሆነ ውስጡ በረዶ ሠርቶ ነበር ማለት ነው፤ የቀለጠው በረዶ ገንዳውን ያልፈዋል።

ውጭ ያለው ጎማ በደንብ እያፈሰሰ፣ ውስጥም በአንድ ጥግ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ኤሲው አጋድሏል፣ ወይም የገንዳው መድፈኛ ጎማ ተፈትቷል፣ ወይም የኋላው ገንዳ ተዘግቷል።

ውሃው ከኤሲው ሳይሆን ከግድግዳው ቀዳዳ ወይም ቱቦዎቹ ከተሸፈኑበት ጥቅል የሚመጣ ከሆነ የቱቦዎቹ መሸፈኛ ስፖንጅ ተቀዷል። ኤሲው ጠፍቶ እያለም ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የኤሲ ብልሽት አይደለም፤ የግድግዳው ቀዳዳ ዝናብ እያስገባ ነው። ይህን የመጨረሻውን ሳይለዩ ኤሲ የሚያስፈቱ ሰዎች አሉ፣ በከንቱ።

የተዘጋውን ጎማ ራሴ መክፈት እችላለሁ?

ይችላሉ። የሚያስፈልግዎ መሰላል፣ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ናስትሮና ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ነው። ቫኪዩም ከሌለዎት ላቫጆ ቤቶች ያለው ዓይነት ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ቢከራዩት ይበቃል።

ብሬከሩን አውርደው ከውጭ ይጀምሩ። የጎማውን ጫፍ ይፈልጉ፤ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ፣ ባልዲ ውስጥ የሰመጠ ወይም ድንጋይ የተጫነው ከሆነ ችግሩ እዚያው ሊሆን ይችላል። ጫፉ ውሃ ውስጥ ከሰመጠ አየር ስለማያገኝ ውሃው ወደ ኋላ ይቆማል። ነፍሳትም ጫፉ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፤ የደረቀች የጭቃ ቁራጭ ብቻ አውጥተው ውሃው ግር ብሎ ሊወርድ ይችላል።

ጫፉ ንጹህ ከሆነ የቫኪዩሙን አፍ ከጎማው ጋር ያገናኙ፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አየር እንዳያስገባ ይያዙትና ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይሳቡ። መጀመሪያ ምንም አይመጣም፤ ከዚያ ጎማው በእጅዎ ውስጥ ይንቀጠቀጥና ያ ቡናማ አተላ ተቆራርጦ ይወጣል። ድምፁ ከታፈነ ወደ ክፍት ሲለወጥ ተከፍቷል።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይግቡና የፊት ክዳኑንና ፊልተሮቹን አውጥተው 1 ሊትሩን ውሃ በቀስታ፣ እንደ ሻይ አቀዳድ በቀጭኑ፣ በኮይሉ ላይ ጎማው ባለበት ወገን ያፍስሱ። ወደ ኤሌክትሪክ ሳጥኑ ወገን አያፍስሱ፤ ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ ከፊት ሲያዩት በስተቀኝ ነው፣ ግን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ጎማውም በዚያው ወገን ከሆነ መሐል ላይ ያፍስሱት፤ ውሃው ራሱ ይሄዳል። ውጭ የቆመ ሰው ውሃው ወዲያው መድረሱንና ያፈሰሱት ያህል መውጣቱን ይንገርዎ። ግማሹ ብቻ ከወጣ ገና አልተከፈተም፤ ይድገሙት።

ሁለት ነገር አይሥሩ። ሽቦ አይክተቱ፤ ጎማው እንደ አኮርዲዮን የተጨማደደ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ይበሳና ውሃው ግድግዳው ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል። ከውጭ በኮምፕረሰር አየር አይንፉ፤ አተላው ወደ ገንዳው ተመልሶ ይረጫል፣ በጣም ሲገፋም ጎማውን ከገንዳው ይነቅለዋል። መሳብ እንጂ መንፋት አይደለም።

በረኪና ላፍስስበት?

አያፍስሱ። አሉሚኒየሙንና መዳቡን ይበላል፤ ኮይል በሳ ማለት ደግሞ ጋዙ ሄደ ማለት ነው። ጎማው ከተከፈተ በኋላ አተላው ቶሎ እንዳይመለስ ከፈለጉ አንድ ኩባያ አቼቶ በገንዳው ላይ አፍስሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በ1 ሊትር ውሃ ያጥቡት። አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጎማው ንጹህ ነው፣ ውሃው ውጭ ይወርዳል፣ ቤት ውስጥም ግን ያንጠባጥባል። ምን ቀረ?

ውሃ ልክ (ግንበኞች ቀጥ ማለቱን የሚያዩበትን መሣሪያ) ያምጡና ኤሲው ላይ ያስቀምጡት። ኤሲው ወይ ቀጥ ያለ ነው መሆን ያለበት፣ ወይ ጎማው ወዳለበት ወገን ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ። ወደ ተቃራኒው ካጋደለ ውሃው በሌላኛው ጥግ ይከማችና ከዚያ ይወርዳል። አዲስ ኤሲ ገና ከተገጠመ በመጀመሪያው ሳምንት ካፈሰሰ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህን ነው።

የቆየ ኤሲም ያጋድላል፣ በተለይ የጭቃ ግድግዳ ላይ። ብሎኬት ላይ ፊሸር አጥብቆ ይይዛል፤ ጭቃ ላይ ግን ኤሲው በሠራ ቁጥር ከሚሰማው መንቀጥቀጥ የተነሳ ቀዳዳው እየሰፋ ሄዶ የላሜራው ማንጠልጠያ በአንድ በኩል ይወርዳል። ደግሞ ጭቃ መለሰንና ሌላ ፊሸር መምታት ለጥቂት ወር ብቻ ነው። ማንጠልጠያው ግድግዳው ውስጥ ካለው ቋሚ እንጨት ጋር በረጅም ብሎን መታሰር አለበት። ቋሚው የት እንዳለ ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ በድምፁ ይታወቃል።

ሁለተኛው፣ የገንዳው መድፈኛ ነው። ብዙዎቹ ኤሲዎች በግራም በቀኝም የውሃ መውጫ አላቸው፤ አንደኛው ላይ ጎማው ይገጠማል፣ ሌላው በትንሽ የጎማ መድፈኛ ይዘጋል። ገጣሚው ጎማውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲያዛውር መድፈኛውን እስከ መጨረሻው ካልገፋው ወይም ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ጠብታው በዚያ ይወጣል። አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት፤ ሶፋ ታበላሻለች።

ሦስተኛው የኋላው ገንዳ ነው። ኮይሉ እንደ ቤት ጣሪያ ሁለት ወገን ታጥፎ ስለሚቆም ወደ ግድግዳው ወገን የሚወርደው ውሃ የሚቀበለው ሌላ ጠባብ ገንዳ አለ። ከፊት አይታይም፣ በተራ ጽዳትም አይደረስበትም። ከኋላ እየፈሰሰ ግድግዳውን የሚያረጥብ ኤሲ ተፈትቶ ከታች መጽዳት አለበት፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

በመጨረሻም የጎማው አካሄድ። ከገንዳው ጀምሮ እስከ ጫፉ በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር እየወረደ መሄድ አለበት። የትም ቦታ ወደ ላይ ከወጣ ወይም እንደ ዥዋዥዌ ገመድ ሆዱ ከወረደ እዚያ አቧራ ይተኛል። ግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ጎማው ከመዳቡ ቱቦዎች ሥር መሆን አለበት፤ በላያቸው ካለፈ መውረድ ሳይሆን መውጣት ጀመረ ማለት ነው።

ክዳኑን ስከፍት ኮይሉ በረዶ ሠርቷል። በረዶ መሥራቱ ጥሩ ማቀዝቀዙ አይደለም?

አይደለም። በረዶው አየሩን ይዘጋዋል፤ ክፍሉ ይሞቃል፣ የውጭው ማሽን ደግሞ ያለ ዕረፍት ይሠራል። በቢላ ወይም በካቻቪቴ አይፈልፍሉት፤ ቅጠሉን አልፎ ቱቦውን ይበሳል። ማቀዝቀዙን ያጥፉና ሪሞቱን ፋን ብቻ ላይ አድርገው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይተዉት፤ ከሥር ጨርቅና ባልዲ ይኑር። እየቀለጠ ያለው ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ሳጥኑ የሚረጭ ከሆነ ግን ፋኑንም አጥፍተው በራሱ ይቅለጥ።

ከማቅለጥዎ በፊት ግን የበረዶውን አቀማመጥ ፎቶ ያንሱ፤ ባለሙያው ሲመጣ ይህ ፎቶ ከብዙ ወሬ ይበልጣል። በረዶው ኮይሉን ሙሉ በሙሉ በእኩል ከሸፈነና አየሩ ደካማ ከሆነ አየር እያጠረው ነው፤ ፊልተሩ፣ ኮይሉ ወይም ከበሮ የሚመስለው ፋን በአቧራ ተይዟል። በረዶው በአንድ ጥግ ብቻ ከሆነና የቀረው ኮይል ደረቅና ለብ ያለ ከሆነ፣ ውጭ ያለችው ቀጭኗ ቱቦ መጋጠሚያ ላይም ውርጭ ካለ፣ ያኔ ጋዝ አንሷል።

የአዳማ ከፍታ እዚህ ላይ ድርሻ አለው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር ወደ ኮይሉ የሚያደርሰው ሙቀት ያንሳል፤ ኮይሉም ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል። ጅቡቲ ላይ የሚታለፍ የፊልተር ቆሻሻ እዚህ ወደ በረዶ ይገፋል።

ባለሙያው «ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ» አለኝ። ልቀበል?

በምን እንዳወቀ ይጠይቁት። ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ይኖራል። አነሰ ማለት የሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው፣ የወጣበት ካልተደፈነ ደግሞ የዛሬው ሙሌት ከወራት በኋላ ይደገማል። በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላለት ኤሲ ጥገና እያገኘ አይደለም፤ ጋዙ ወደ ሰማይ እየሄደ ነው።

ጎማው የተዘጋ፣ በረዶ የሌለው፣ ጥሩ የሚያቀዘቅዝ ኤሲ ውሃ ስላፈሰሰ ብቻ ጋዝ አይሞላም። ጋዝ መጨመር ውሃውን አያቆመውም፤ ከልክ በላይ ከተጨመረ የውጭው ማሽን ውስጥ ያለውን፣ ጋዙን የሚገፋውን ኮምፕረሰር ይጎዳል።

በትክክል አንሶ ከሆነ የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይታያሉ፤ የቅባት ወዝ ያለበት ቦታ ይጠረጠራል። ኤሲው ሲገጠም በፍሌር (የቱቦው ጫፍ እንደ ጡሩምባ አፍ ተከፍቶ) የተሠሩት አራቱ ነት ያለባቸው መጋጠሚያዎች መጀመሪያ የሚፈተሹ ናቸው። ቀዳዳው ካልተገኘ ቱቦው በናይትሮጅን ተሞልቶ ግፊቱ መውረዱ ይጠበቃል። ከተደፈነ በኋላ ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሳባል፤ ጋዝ ለቀቅ አድርጎ አየሩን «ማስወጣት» የዚህ ምትክ አይሆንም፣ እርጥበት ውስጥ ይቀራልና። ከዚያ ጋዙ በሚዛን ይሞላል። ዓይነቱና መጠኑ በግራም የውጭው ማሽን ጎን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ አለ፦ አር22፣ አር410ኤ ወይም አር32። አንዱን በሌላው ላይ መደረብ አይቻልም። አር410ኤ የሁለት ጋዞች ቅልቅል ስለሆነ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ መውጣት አለበት፤ አር32 ደግሞ እሳት ሊይዝ የሚችል ነው፣ ጋዙ ቱቦው ውስጥ እያለ ብየዳ አይሞከርም። ሚዛን ሳይዝ የመጣ ሰው ምን ያህል እንደሞላ ሊነግርዎ አይችልም።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ብቻ በረዶ ይሠራል። ፊልተሩ ንጹህ ነው።

የአዳማ ቀን ሞቃት ቢሆንም በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ለማቀዝቀዝ ብቻ የተሠሩ ብዙ ኢንቨርተር ያልሆኑ (ፍጥነታቸውን እንደ ሙቀቱ የማይለዋውጡ) ኤሲዎች ውጭ ያለው አየር ከ18 ዲግሪ በላይ ሲሆን እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። ከዚያ በታች ግፊቱ ይወርድና ኮይሉ ከዜሮ በታች ይገባል። ሪሞቱን 16 ላይ አድርጎ መተኛት ያባብሰዋል፤ 16 ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፣ ኤሲው እንዳያርፍ ብቻ ያደርገዋል። 24 ወይም 25 ላይ ያድርጉት። ውጭው ከቀዘቀዘ ደግሞ መስኮት ይክፈቱ፤ ነፋሱ በነጻ ነው።

ግድግዳው ረጥቦ ቀለሙ እየተላጠ ነው፤ ኤሲው ግን አያንጠባጥብም።

የመዳብ ቱቦዎቹን የሸፈነው ስፖንጅ ይታይ። በስፕሊት ኤሲ ወፍራሙም ቀጭኑም ቱቦ ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ መሸፈን አለባቸው። ወፍራሙን ብቻ ሸፍኖ ቀጭኑን በናስትሮ አብሮ መጠቅለል የተለመደ ስህተት ነው፤ ራቁቱን የቀረው ቱቦ ያልበውና ውሃው ጥቅሉን ተከትሎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ውጭ ያለው ስፖንጅ ደግሞ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይፈረፈራል፤ ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ከፈረሰ ይቀየር፣ ከላዩም ነጭ ቴፕ ይጠቅለልበት። የግድግዳው ቀዳዳ በተለምዶ 6.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ወደ ውጭ ዘቅዝቆ መበሳት፣ ከውጭ ደግሞ በሲሊኮን ወይም በፑቲ መደፈን አለበት። የጭቃ ቤት ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ ቁራጭ የፒቪሲ ቱቦ ይግባ፤ አለበለዚያ የቀዳዳው ጠርዝ በመጀመሪያው እርጥበት ይፈርሳል።

ውሃው አይፈስም፣ ከአየሩ ጋር ፊቴ ላይ ይረጫል።

ከበሮው ፋን ቆሽሿል፣ ወይም ኮይሉ ስለቆሸሸ ውሃው ተንሸራቶ መውረድ አቅቶታል። በክረምት በርና መስኮት ተከፍቶ ኤሲ ከሠራም አየር ማውጫው ቅጠል ያልበውና ይንጠባጠባል፤ ይዝጉትና ፋኑን ከፍ ያድርጉት።

የውጭው ማሽን ሥር ውሃ አለ። ችግር ነው?

ሲያቀዘቅዝ ከቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት ጠብታ መውረዱ ጤናማ ነው። ቅባት የተቀላቀለበት ከሆነ ግን የጋዝ ማምለጫ ነውና ይታይ።

ፊልተር በስንት ጊዜ ይታጠብ?

መመሪያ መጽሐፎች በየ2 ሳምንቱ ይላሉ። አዳማ ላይ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት፣ በተለይ ቤትዎ ኮብል ያልተነጠፈበት መንገድ ዳር ከሆነ፣ በየሳምንቱ ይመልከቱት። ፊልተሩን አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያንሱት፤ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ካላለፈ አየሩም አያልፍም። ውሃውን ከጀርባው በኩል ይልቀቁበት፣ አቧራው በገባበት እንዲወጣ፤ ከፊት ከለቀቁት ወደ ውስጥ ይገፋል። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ይጣመማል። «እስኪደርቅ» ብለው ያለ ፊልተር አያሠሩት፤ የአንድ ቀኑ አቧራ ኮይሉ ውስጥ ገብቶ በውሃ ካልታጠበ አይወጣም።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ውሃውን የት ላውርደው?

ከታች ያሉት ጎረቤት በረንዳ ላይ እንዳይሆን። የታጠበ ልብስ ላይ ቀን ከቀን የሚወርድ ጠብታ ጎረቤትን ያጣላል። ጎማውን ከፒቪሲ ቱቦ ጋር አያይዘው በግድግዳው ጥግ እስከ መሬት ያውርዱት ወይም ከዝናብ ውሃው አሸንዳ ቱቦ ጋር ያገናኙት። ከመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ጋር በቀጥታ አያገናኙ፤ ሽታው በጎማው ሽቅብ ወጥቶ በኤሲው በኩል መኝታ ቤትዎ ይገባል። የግድ ከሆነ ውሃ የሚይዝ መታጠፊያ ይኑረው፤ በጋ ላይ ግን ውሃው ስለሚደርቅ በየሳምንቱ አንድ ኩባያ ውሃ ይጨምሩበት።

መሬት ላይ የሚወርድ ከሆነም ኩሬ እንዳይሠራ ጠጠር ያድርጉበት። አዳማ ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ የትንኝ እጭ አድጎ ትንኝ ለመሆን ሳምንት ገደማ የቆመ ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ጀሪካን ውስጥ የሚያጠራቅሙ ከሆነም በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይድፉት፣ አፉም ይሸፈን።

ያንን ውሃ ለምን ልጠቀምበት?

ለአትክልት፣ ለወለል፣ ለመጸዳጃ ቤት። ለመጠጥና ለምግብ አይሆንም፤ በኮይልና በአተላ ላይ ያለፈ ውሃ ነው። ለመኪና ባትሪም አይጨምሩት፤ ንጹህ ቢመስልም አቧራና የብረት ቅንጣት አለበት፣ የባትሪ ውሃ ሌላ ነው።

የመስኮት፣ የኮርኒስና የሚገፋ ኤሲስ?

የመስኮቱ ኤሲ ወደ ውጭ ትንሽ መዘቅዘቅ አለበት፤ ወደ ክፍሉ ካዘነበለ እዚያው ያፈስሳል። የሚገፋው ኤሲ ከሥሩ መድፈኛ አለው፤ ገንዳው ሲሞላ ብዙዎቹ ኮድ አሳይተው ይቆማሉ። ጠፍጣፋ ሳህን ዘርግተው መድፈኛውን ይንቀሉ።

በሆቴሎችና በቢሮዎች ኮርኒስ ላይ ያለው ካሴት ለየት ይላል። ውስጡ ውሃውን ወደ ላይ የሚያነሳ ትንሽ ፓምፕና ውሃው ሲሞላ ኤሲውን የሚያቆም ተንሳፋፊ አለው። መብራት በሄደ ቁጥር የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ፓምፑ ሲቆም ከፍ ያለው ቱቦ ውስጥ የነበረው ውሃ ወደ ገንዳው እየተመለሰ ነው፤ ገንዳው ንጹህ ከሆነ ሊችለው ይገባል። ኤሲው በራሱ እየቆመ ካስቸገረ ተንሳፋፊውን ቆርጦ «ማስተካከል» አይፈቀድለት፤ ያ ተንሳፋፊ ኮርኒሱን ከመውደቅ የሚጠብቅ ነው።

ውሃ እየሞሉበት የሚሠራው ኤር ኩለር ኤሲ አይደለም። እሱ የሚያፈሰው ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ወይም ገለባው በአፈርና በውሃ ጨው ተደፍኖ ውሃው ወደ ፊት ሲረጭ ነው።

አዲስ ኤሲ እያስገጠምኩ ነው። ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

ውሃ ልክ አስቀምጠው ኤሲው ወደ ጎማው ወገን እንጂ ወደ ተቃራኒው አለማጋደሉን ይዩ። ሁለቱም የመዳብ ቱቦ ለየብቻው መሸፈኑን፣ ጎማው ከሥራቸው መሆኑን፣ ቀዳዳው ከውጭ መደፈኑን ይመልከቱ። ቫኪዩም ፓምፑ ሲሠራ ራስዎ ሰዓት ይያዙ። ከዚያ ገጣሚው ፊት 1 ሊትር ውሃ በገንዳው ላይ ያፍስሱና ውጭ ካለው ጎማ ሥር ባልዲ ያስቀምጡ። በጋ ላይ የሚገጠም ኤሲ በራሱ ውሃ ስለማያወጣ ይህን ካላደረጉ ስህተቱን የሚያውቁት ሐምሌ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገጣሚው ስልክ አያነሳም። ሊትሩ በባልዲው ውስጥ ከተገኘ ይክፈሉት።